ልክ

ባለፈው ጥር እንጭኒ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ አንድ ጫማ ቤት ገብቼ የካውቦይ ቡትስ ለካሁ። ቆዳው ቡናማ ነው፤ አንገቱ ባት ድረስ ይደርሳል፤ ጎኑ ላይ በክር የተጠለፈ ጌጥ አለው፤ ተረከዙ ወደ ውስጥ ዘመም ይላል። ዋጋው ዘጠኝ ሺህ ብር። ትንሿ ጣቴን ትንሽ ያዝ አድርጓታል። ሻጩ ቁጢጥ ብሎ የጫማውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና ቀና ብሎ አየኝ።

«ወንድሜ፣ ልክህ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቺ ቃል አልለቀቀችኝም። ልክ መጠን ነው፦ «ልክህ ስንት ነው?» ሲሉህ «42» ትላለህ። ልክ እውነት ነው፦ «ልክ ብለሃል።» ልክ ደግሞ ቦታ ነው፦ «ልክህን እወቅ!» አንዲት ቃል ከጫማ ቤት ተነስታ በፈተና ወረቀት አልፋ ጠብ ውስጥ ትገባለች። እኔ «ትክክለኛ ጫማ» እየፈለግኩ ሳለ ከሦስቱ የትኛውን እንደምፈልግ አልጠየቅኩም ነበር።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ የተመረቅኩትም በኢንጂነሪንግ ነው። ስለዚህ አንድ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ሦስት ሌሊት ሳነብ ባድር አይግረማችሁ። ስለ ካውቦይ ቡትስ ያወቅኩት ይሄን ነው። ክር የለውም፤ ስለዚህ እግርን የሚይዘው በእግር ጀርባ ላይ ነው። እዚያ ጋ ጥብቅ ማለት አለበት፤ ጣቶች ግን መጨነቅ የለባቸውም። አዲስ ሲሆን ተረከዝህ ሲራመድ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ችግር የለም፤ ሶሉ መተጣጠፍ ሲለምድ ይስተካከላል። ሶሉ በማስቲሽ ብቻ ከተለጠፈው በክር የተሰፋው ይሻላል፤ ሲያልቅ ይቀየራልና። ስትለካ ደግሞ ወደ ማታ ለካ፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ያብጣል።

የእያንዳንዱ ክፍል ምክንያት ፈረስ ነው። ከፍ ያለው ተረከዝ እግር በእርካቡ ውስጥ ሾልኮ እንዳያልፍ ነው። ረጅሙ አንገት ባትን ከእሾህና ከኮርቻው መፋተግ ይጠብቃል። ክር የሌለው ደግሞ ጋላቢው ቢወድቅ እግሩ ከጫማው ወጥቶ ፈረሱ እንዳይጎትተው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከቴክሳስ ወደ ሰሜን ከብት ለሚነዱ ሰዎች የተሠራ መሣሪያ ነበር። ያ እንደ መርፌ የሾለው ጫፍ ግን ከብት ነጂዎቹ ካለፉ በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ፋሽን ነው።

እኛ ሥራ ቦታ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ተጠቃሚው ማነው?» ነው። የዚህ ጫማ ተጠቃሚ ፈረሰኛ ነው። እኔ ፈረስ የለኝም። በቀን አሥር ሰዓት ወንበር ላይ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ለምን እንደፈለግኩት አውቃለሁ፤ ልጅ ሆኜ እንጭኒ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያየሁት ፊልም ነው። ሰውየው በሩን ገፍቶ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው ፊቱ አልነበረም፤ ጫማው ነበር።

ለነገሩ ፈረስ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። አያቴ ፈረሰኛ ነበሩ። ኮርቻቸው ዛሬም ጓዳ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ከኮርቻው የሚንጠለጠለው እርካብ ግን ፊልም ላይ ካየሁት ጋር አይገናኝም። ጠባብ ቀለበት ነው፤ ሙሉ እግር አይገባበትም። የድሮው ፈረሰኛ በባዶ እግሩ የእግሩን አውራ ጣት ብቻ ነበር እዚያ ውስጥ የሚያስገባው። ሌላው ዓለም እርካቡን ሠርቶ ለእርካቡ የሚሆን ጫማ ፈለገ፤ የእኛ ሰው ደግሞ እግሩን አይቶ ለእግሩ የሚሆን እርካብ ሠራ።

ይሄን ሳስብ በጣም ደስ አለኝ። ቡትሱን ልተወውና ስለዚህ ልጽፍ አሰብኩ። ሐሳቡ ዝግጁ ነበር፦ ልክ ማለት እግር ለዕቃ ሳይሆን ዕቃ ለእግር ሲሠራ ነው። ምስክር ደግሞ አይጠፋም፤ አበበ ቢቂላ አለ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው አውልቆ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ አሸነፈ። ልኩ ያልሆነውን ጣለ። ከዚህ የተሻለ ማሳያ ከየት ይመጣል?

ጽሑፉን ያበላሸችብኝ አዳዳ ናት።

አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። የእኛ አዳዳ የአባቴ ታላቅ ናት። ሁለቱም እግሮቿ ከቁርጭምጭሚት በታች አብጠዋል፤ ግራው ይብሳል፤ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሆኗል። ልጅ ሳለን «ምች ነው» ይሉን ነበር። ጎረቤት ደግሞ ቀስ ብሎ «እርግማን ነው» ይላል። በአማርኛ ዝሆኔ ይባላል፤ የሕክምና ስሙን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው፦ ፖዶኮኒዮሲስ። ቃሉ ግሪክ ነው፤ እግር እና አቧራ ማለት ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ፣ በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ መሆኑንና መነሻው አፈር መሆኑን ያስረዳ ሰው ነው።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው የደጋ ቀይ አፈር እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉት። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ቅንጣቶቹ በቆዳ ውስጥ ያልፋሉ፤ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ፤ ቧንቧዎቹ ቀስ በቀስ ይዘጋሉ፤ ፈሳሹ እግር ውስጥ ይቀራል። ትንኝ የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አገሪቱ ውስጥ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች እንዳለባቸው ይገመታል። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር የመደበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። መከላከያው ምን እንደሆነ ገምቱ። ጫማ።

አያቴ በዚያው አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ኖረው፣ አውራ ጣታቸውን በዚያ እርካብ ውስጥ አስገብተው ጋልበው፣ እግራቸው ሳያብጥ ሞቱ። ልጃቸው ግን በ20 ዓመቷ ማበጥ ጀመረች። ልዩነቱ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2012 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን» ላይ የወጣ ጥናት ከወላይታ የመጡ ታማሚዎችን መርምሮ፣ አንዳንድ ሰው በዘሩ ለዚህ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ እንደሆነ አሳይቷል። ማለትም ሁሉም አይታመምም። የተረፉት ብዙ ስለሆኑ አፈሩ ጤነኛ ይመስላል።

በሙያዬ ይሄን ስህተት አውቀዋለሁ። የተሳኩትን ጥያቄዎች ብቻ የሚመዘግብ ሲስተም ሁልጊዜ ጤነኛ ይመስላል፤ የወደቁት መዝገቡ ላይ የሉምና። የኔ ጽሑፍም እንደዚያ ነበር። የአያቴን እርካብ አይቼ አደነቅኩ፤ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከኮርቻው ሥር፣ እግሯን በነጠላ ሸፍና የተቀመጠችውን ሴት አልቆጠርኩም። አበበንም ቢሆን ግማሹን ነው የጠራሁት። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ከሮሙም በሦስት ደቂቃ የፈጠነ ሰዓት አስመዘገበ። እኛ ግን ፎቶው ላይ የምንወደው ባዶ እግሩን ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልክ ልምጣ። አባቴና አዳዳ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አባቴ ትምህርት ቤት ሲገባ ጫማ ተገዛለት፤ ጥቁር የፕላስቲክ ኮንጎ። ለአዳዳ አልተገዛም። ክፋት አልነበረም፤ ማንም ተሰብስቦ አልወሰነም። ጫማ የተማሪ ነው፤ እሷ አልተማረችም፤ በቃ። ውኃ ትቀዳለች፣ እበት ትጠርጋለች፣ ከብት ትከተላለች፤ ከሁሉም በላይ አፈሩን የምትረግጠው እሷ ናት። ከሥራው አንጻር ካየነው ጫማ የሚያስፈልገው ለእሷ ነበር። «ልክህን እወቅ» የሚለው ቃል የግድ በጠብ ሰዓት አይነገርም፤ አንዳንዴ ገበያ ውሎ የመጣ አባት ከጆንያው ውስጥ አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ሲያወጣ ይነገራል።

የአባቴ ኮንጎ ወደ ትምህርት ቤት ወሰደው፤ ትምህርቱ ወደ ደመወዝ፤ ደመወዙ ወደ እኔ። ዘጠኝ ሺህ ብር የሚያወጣው ቡትስ የዚያች ጥንድ የልጅ ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ለማንኛውም ቡትሱን ገዛሁት፤ አድርጌውም ሠርጉ ላይ ተገኘሁ። በማግስቱ አዳዳ ጋ ሄድኩ። በር ላይ ላወልቀው ፈልጌ ነበር፤ ክር የሌለው ጫማ ሲለቅ ግን ትግል ነው፤ እየታገልኩ ደረሰችብኝ። «እስቲ አምጣው» አለችኝ። ቆዳውን ዳሰሰችው፤ በክር የተጠለፈውን በጣቷ ተከተለችው፤ ተረከዙን በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው።

«ያምራል።»

«ኧረ ተይው አዳዳ፣ ምንም አይጠቅምም፤ ለማማር ብቻ ነው» አልኳት። ይቅርታ መጠየቄ ነበር።

ዝም አለች። ከዚያ «አንተ ማማር ቀላል ነገር ይመስልሃል?» አለችኝና ከአልጋው ሥር አንድ ጥንድ ጫማ አወጣች። ከበጎ አድራጊዎች የተሰጣት ነው፤ ሰፊ፣ ጥቁር፣ ጠንካራ። ሶሉ አዲስ ነው። ከተሰጣት ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«ለምን አታደርጊውም?»

«ይሄን ጫማ የሚያደርግ ሰው ምን እንዳለበት አገሩ ሁሉ ያውቃል። ቀሚሴን ሳስረዝመው እግሬ አይታይም። ይሄን ሳደርግ ግን ከሩቅ ይናገራል።»

እዚህ ጋ ነው የያዝኩት ሒሳብ የፈረሰው። ከዚያ በፊት ጭንቅላቴ ውስጥ ሁለት ሳጥን ነበር፤ አንዱ ላይ «የሚያስፈልግ»፣ አንዱ ላይ «ለማማር» ተጽፏል። የኔ ቡትስ ሁለተኛው ውስጥ፣ የአዳዳ ጫማ አንደኛው ውስጥ። ግን ያ ጠንካራ፣ ሰፊ፣ ለጤና ተብሎ የተሠራ ጫማ አልጋ ሥር ተቀምጦ ማንንም አልጠበቀም። አስቀያሚ ስለሆነ አልሠራም። እኛ ጋ ተጠቃሚ የማይከፍተው አፕ የቱንም ያህል በትክክል ቢጻፍ የሞተ ነው።

ጫማ ላይ የተነሳ አንድ የታወቀ የፍልስፍና ክርክር አለ። አውስትራሊያዊው ፒተር ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ይጠይቃል፦ በአንድ ኩሬ አጠገብ ስታልፍ ሕፃን ሲሰምጥ ብታይ፣ ልብሴ ይጨቀያል ብለህ ታልፋለህ? በ2009 ባወጣው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ምሳሌውን በአዲስ ጫማ አድርጎታል። ማንም «ጫማዬ ይበላሻል» ብሎ ሕፃኑን አይተውም። እንግዲያውስ በሩቅ ላለ ሕፃን ሕይወት የጫማህን ዋጋ ለምን አትሰጥም? ነው ጥያቄው። አንድ ጓደኛዬ ቡትሱን ሲያይ ይሄንኑ አነሳብኝ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። በዘጠኝ ሺህ ብር ለስንት ሕፃን ጫማ ይገዛ ነበር?

ሲንገር እውነት አለው ብዬ አምናለሁ፤ ግን ምሳሌው ውስጥ ሁለት ነገር ይጎድለኛል። አንደኛ፣ እዚያ ሚዛን ላይ ጫማ ቀላሉ ነገር ነው፤ ሕይወት ከባዱ። በእኛ ቀዬ ግን ጫማው ራሱ ከባዱ ጎን ላይ ነው ያለው። ሁለተኛ፣ በኩሬው ውስጥ ያለው ሕፃን አይናገርም። ከውኃ የወጣ ልጅ ምን ዓይነት ፎጣ እንደሚፈልግ አይጠየቅም፤ ጊዜም የለም። አዳዳ ግን እየሰመጠች አይደለችም። በዚህ እግር 30 ዓመት ኖራለች፤ የምትወደውና የምትጠላው ነገር አለ። እሷን እንደሚሰምጥ ሰው ብቻ ማየት ሁለተኛ ጊዜ «ይሄ ለአንቺ ልክሽ ነው» ማለት ነው። መጀመሪያ ባዶ እግር ልክሽ ነው ተባለች፤ ቀጥሎ ጥቁርና ሰፊ ልክሽ ነው ተባለች። ሁለቱም ጊዜ እግሯን ዝቅ ብሎ የለካ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ለካኋት። የደብተር ወረቀት አያይዤ እግሯን አስቀመጠች፤ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ተከተልኩት። ውፍረቱን በክር ለካሁና ክሩ ላይ ቋጠሮ አሰርኩ። በሕይወቴ የአክስቴን እግር ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እሷም ግድግዳውን ነው ያየችው። «ምን ዓይነት ይሁን?» አልኳት። ይሄን ለመመለስ ጊዜ አልወሰደባትም። «ቡናማ። እንዳንተው ጎኑ ላይ ክር ይኑረው። ተረከዙም ከፍ ይበል።»

ወረቀቱን ይዤ መርካቶ ሸራ ተራ ሄድኩ። በየጠባቡ ክፍል ቆዳ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ ማስቲሽ ይሸታል። ሦስት ሰፊዎች ወረቀቱን አይተው «ፎርማ የለንም» አሉ፤ ፎርማ ማለት ጫማው የሚሠራበት የእግር ቅርጽ ነው። የተለመደው እግር ፎርማ አለው፤ የአዳዳ የለውም። አራተኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አገላብጠው «ልጄ፣ የማን እግር ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ተረከዙ ከፍ አይልም፤ ሚዛን ያሳጣታል። ውስጡ ስፌት እንዳይኖረው በለስላሳ ገበር እንሸፍነዋለን። ክሩን ግን እሠራላታለሁ» አሉኝ። ሁለቱ እግሮች ስለማይመሳሰሉ ሁለት ፎርማ በቆዳ ቁራጭ እያወፈሩ አበጁ።

የመጀመሪያው አልሆነም። አዳዳ ደወለችና «ጠዋት ልኬ ነው፤ ማታ አይደለም» አለችኝ። ከሦስት ሌሊት ንባቤ መካከል የረሳሁት አንድ ነገር ያ ነበር፤ ለራሴ ጫማ ያነበብኩትን ለእሷ እግር አላሰብኩትም። የለካኋት ጠዋት ነው። ለፋሲካ ሄጄ ማታ እንደገና ለካኋት፤ ሰውየው ፈተው ሠሩት። በዚያው ሰሞን እግሯን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባትና ማታ ከፍ አድርጎ መተኛት እንዳለባት ጤና ጣቢያ አስረዷት። ጫማ ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው ሆነ። ቤተ ክርስቲያን አድርጋው ሄደች። እዚያ አንዲት ሴት «ከየት ገዛሽው?» ብላ ጠየቀቻት። ይሄን ሦስት ጊዜ ነው የነገረችኝ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ሐምሌ ላይ ስደውል ግን እናቴ አንድ ነገር ሹክ አለችኝ። አዳዳ ጫማውን በፌስታል ቋጥራ ትይዘዋለች። ከቤቷ እስከ አስፋልቱ ያለውን ጭቃ በባዶ እግሯ ታልፋለች፤ አስፋልቱ ላይ ስትደርስ እግሯን ታጥባ ታደርገዋለች። ጫማው እንዳይጨቀይ።

ወዲያው ደወልኩላት፤ ሳላስበው ድምፄ ከፍ አለ። አፈሩን ነገርኳት፣ ቅንጣቱን ነገርኳት፣ ለጭቃው የፕላስቲክ ጫማ በልኳ አሠራለሁ አልኳት። እስክጨርስ ታገሰችኝ።

«አንተስ» አለችኝ፣ «ያን የሚያምረውን ቡትስህን ጭቃ ላይ ታደርገዋለህ?»

ቡትሱ ከሠርጉ በኋላ ወደ ካርቶኑ ተመልሷል። ለጭቃ፣ ለእሾህና ለፈረስ ተብሎ የተፈለሰፈ ጫማ ነው፤ ጭቃ ግን ነክቶት አያውቅም። አዲስ አበባ ላይ እየዘነበ ነበር። ምን ብዬ እንደምመልስላት እያሰብኩ ስልኩን እንደያዝኩ ቆየሁ።